«ቺ»ን በምን ቃል እንተርጉመው? በጥንታዊው የቻይና አስተሳሰብ የሕይወት ኃይል ጽንሰ ሐሳብ



የዛሬው ንግግሬ በአንድ አጭር ቃል ላይ ያተኩራል። «ቺ» የተባለው ይህ ቃል በቻይና ፍልስፍና፣ ሕክምናና ሥነ ጥበብ ውስጥ ከሁለት ሺህ ዓመታት በላይ ሲሠራበት ኖሯል። ወደ ሌላ ቋንቋ ሲሻገር አብዛኛውን ጊዜ «የሕይወት ኃይል» ተብሎ ይተረጎማል። ይህ ትርጉም ከጽንሰ ሐሳቡ ጥቂቱን እንደሚያሳይ፣ ብዙውን ግን እንደሚሸፍን ላስረዳ እወዳለሁ።

አስቀድመን የቃሉን አጠቃቀም እንመልከት። በነባሩ የቻይንኛ ጽሕፈት የቺ ምልክት ከላይ የእንፋሎትን፣ ከታች የሩዝን ምልክት ይዟል፤ ስለዚህም ብዙዎች ከትኩስ ሩዝ ላይ የሚነሣ እንፋሎት አድርገው ያነቡታል። በዕለት ተዕለት ንግግር የአየር ጠባይ «ቲያንቺ»፣ ማለትም «የሰማይ ቺ» ይባላል፤ የምንተነፍሰው አየር «ኮንግቺ» ነው፤ መቆጣት ደግሞ «ሸንግቺ»፣ ቃል በቃል «ቺ ማመንጨት» ነው። ሰማዩ፣ ትንፋሹና ቁጣው በአንድ ቃል የሚገናኙት ሰውና ዓለም ከአንድ ነገር ተሠርተዋል ከሚለው ጥንታዊ አስተሳሰብ የተነሣ ነው።

ፈላስፎቹም ይህንኑ አስፍተው አብራርተዋል። «ዧንግዚ» በተባለው ጥንታዊ መጽሐፍ የሰው መወለድ የቺ መሰብሰብ፣ ሞቱም የቺ መበተን ሆኖ ተገልጿል። እ.ኤ.አ. ከ1020 እስከ 1077 የኖረው ዣንግ ዛይ ነገሩን በበረዶና በውሃ መስሎታል፤ ውሃ ረግቶ በረዶ እንደሚሆን፣ በረዶም ቀልጦ ወደ ውሃነቱ እንደሚመለስ ሁሉ፣ ቺም ሲሰበሰብ የሚታይ አካል ይሆናል፤ ሲበተን ወደማይታየው ይመለሳል። ልብ በሉ፤ በዚህ ምሳሌ ቺ ወደ ግዑዝ አካል ገብቶ የሚያንቀሳቅስ ባዕድ ኃይል አይደለም፤ አካሉም ራሱ ቺ ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የኖረው ሜንግዚ ደግሞ ቺን ከሥነ ምግባር ጋር አያይዞታል። በእርሱ አመለካከት ሰው ለረጅም ጊዜ ጽድቅን ሲሠራ በውስጡ ታላቅ ቺ ያድጋል፤ ልቡ የማይቀበለውን ሲፈጽም ግን ይህ ቺ ይራባል። በሕክምናው ዘርፍ መሠረታዊ የሆነው «ሁዋንግዲ ኔይጂንግ» በበኩሉ ቁጣ ቺን ወደ ላይ እንደሚያወጣ፣ ፍርሃትም ወደ ታች እንደሚያወርደው ያስተምራል። ስለዚህ ሐኪሙ የሚጠይቀው ቺ በዛ ወይስ አነሰ ብሎ ብቻ አይደለም፤ በቀና መንገድ ይፈሳል ወይስ ታግዷል ብሎም ነው።

ታዲያ «ኢነርጂ» የሚለው ቃል ከየት መጣ? ለመስፋፋቱ ትልቅ ድርሻ ካላቸው ሰዎች አንዱ በቻይና የኖረው ፈረንሳዊው ጆርጅ ሱሊዬ ደ ሞራን ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 መታተም በጀመረው የአኩፓንክቸር መጽሐፉ ቺን በዚሁ ቃል ተርጉሞታል። ኢነርጂ ግን በፊዚክስ በጁል የሚለካ መጠን ነው፤ ቺ የተባለ ኃይል እስካሁን በመሣሪያ ተለክቶ አልተረጋገጠም። ከዚህ ሁለት ስሕተቶች ይወለዳሉ። አንዱ ወገን ጥንታውያኑን ያልተሳካላቸው የፊዚክስ ሊቃውንት አድርጎ ይንቃቸዋል፤ ሌላው ወገን «ኢነርጂ» የሚለውን ቃል የሳይንስ ማረጋገጫ አስመስሎ ለሕሙማን ይሸጠዋል። የመጀመሪያው ዕውቀታችንን ያደኸያል፤ ሁለተኛው በሰው ጤና ላይ አደጋ ያስከትላል።

የእኛ ቋንቋ በዚህ ረገድ ምን ይረዳናል? «ነፈሰ» ከሚለው ሥር ነፋስ፣ ነፍስ፣ እስትንፋስና መንፈስ ይወጣሉ። አማርኛ ተናጋሪ እንግዲህ አየርና ሕይወት በአንድ ሥር መገናኘታቸው አይገርመውም። ይሁንና ጥንቃቄ ያሻል፤ እኛ ነፍስን ከሥጋ ለይተን እናያለን፤ ቺ ግን ሁለቱንም ያቅፋል። ስለዚህ «ነፍስ» ብለን ብንተረጉመው አንዱን መጋረጃ ገልጠን ሌላውን መጋረድ ይሆንብናል።

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ ቃሉን «ቺ» ብለን እንያዘው፤ በየአገባቡም እንፋሎት፣ ትንፋሽ፣ ወኔ ወይም የነገሮች መሠረት መሆኑን እናብራራ። ተርጓሚ አንዲት ቃል ባገኘ ጊዜ ሥራውን የጨረሰ ሊመስለው ይችላል፤ እንደ ቺ ባለ ጽንሰ ሐሳብ ግን ሥራው ገና መጀመሩ ነው።