የሲያም ተዋጊ ዓሣ በደጋ አገር እንዴት ይጠበቃል?

እንደሚታወቀው፣ ሸቀጥ ሁሉ በመጋዘን ተቀምጦ ገዢውን የሚጠብቅ አይደለም። ጨርቅና ሚስማር ቢዘገዩ ወለድ ያስቈጥራሉ እንጂ አይሞቱም፤ ሕይወት ያለው ሸቀጥ ግን በአንዲት ሌሊት ቸልታ ትርፉንም ዋናውንም ይዞ ይጠፋል። በአዲስ አበባ ለቤት ጌጥ ከሚሸጡት ዓሦች አንዱ «ቤታ» ወይም የሲያም ተዋጊ ዓሣ የሚባለው ነው። ይህን ዓሣ ወደ ቢቸና ወይም ወደ ሞጣ ወስዶ ለመሸጥ የሚያስብ ነጋዴ ከዋጋው አስቀድሞ ጠባዩን ሊያውቅ ይገባዋል።

የዓሣው አገር ቀድሞ ሲያም ትባል የነበረችው ታይላንድ ናት። የታይላንድ መንግሥት በ2011 ዓ.ም. የአገሪቱ ብሔራዊ የውሃ እንስሳ አድርጎ ሰይሞታል። በዚያ ሙቅ ቆላ፣ ውሃው በማይፈስበት ረግረግና የሩዝ ማሳ ይኖራል፤ እንደ ጣናው አምባዛም ወደ ውሃው ፊት እየወጣ አየር ይስባል። ስለዚህ ብዙዎች በብርጭቆ ውሃ የሚኖር ይመስላቸዋል። ነገር ግን አየር መሳቡ ከመታፈን ያድነዋል እንጂ ከብርድና ከቆሻሻ አያድነውም።

የመጀመሪያው ጠላቱ ብርድ ነው። ዓሣው የሚስማማው ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ ውሃ ሲሆን፣ ቢቸናና ሞጣ ሁለቱም ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኙ ደጋ ከተሞች ናቸው። ስለዚህ 20 ሊትር ለሚይዝ የመስታወት ገንዳ ሙቀቱን ራሱ የሚቈጣጠር የ50 ዋት ማሞቂያና አንድ ቴርሞሜትር ያስፈልጋል። ዓሣው የሚስበው አየር እንዳይቀዘቅዝ ገንዳው አየር የሚያስገባ ክዳን ይኑረው። መብራት በጠፋ ጊዜ ገንዳውን በብርድ ልብስ መጠቅለል፣ ሙቅ ውሃ የያዘ በደንብ የተከደነ ጠርሙስም በውስጡ ማንሳፈፍ ይረዳል።

ሁለተኛው የውሃው ንጽሕና ነው። ከዓሣው ኵስና ከተረፈው ምግብ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይፈጠራል። ይህን መርዝ የሚያከሽፉት በማጣሪያው ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ የሚራቡ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ለመደራጀትም ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጅባቸዋል። ስለዚህ ውሃውን በሙሉ አውጥቶ ገንዳውን በሳሙና ማጠብ ንጽሕና ሳይሆን ጥፋት ነው። በየሳምንቱ ሩቡን ያህል መቀየር፣ ስፖንጁንም ከገንዳው በወጣው ውሃ ብቻ ማለቅለቅ ይበቃል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣለት በሰፊ ዕቃ 24 ሰዓት ሳይከደን ይቀመጥ፤ ወደ ገንዳው ሲጨመርም ሙቀቱ ከቀድሞው ውሃ ጋር ይስተካከል።

ስለ ምግቡ፥ ቤታ ሥጋ በል ስለሆነ ዳቦና እንጀራ አይስማማውም። ለእርሱ የተዘጋጀው ደረቅ መኖ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በጥቂት ፍሬ ብቻ ይሰጠው። በሳምንት አንድ ቀን ቢጾምም አይጎዳም፤ ይልቁንም ከጥጋብ የሚመጣውን የሆድ መነፋት ይከላከልለታል።

ከዚህም በቀር ስሙ እንደሚያመለክተው ሁለት ወንዶች በአንድ ገንዳ ቢገቡ እስከ ሞት ይዋጋሉ። ለሱቅ ማሳያ ሲባል ብልቃጦቻቸውን ጎን ለጎን ደርድሮ ቀኑን ሙሉ እንዲፋጠጡ ማድረግም ያደክማቸዋል፤ በመካከላቸው ካርቶን ይጋረድ። ክንፉን አጣብቆ የተቀመጠ፣ ምግብ የተወ፣ ወይም ነጭ ነጠብጣብ የታየበት ዓሣ ለብቻው ይለይ፤ መድኃኒት ከመግዛት በፊትም የውሃው ሙቀትና ንጽሕና ይመርመር።

ሕያው ዓሣ ከውጭ አገር የሚያስመጣ ነጋዴ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ፈቃድ ማግኘቱን አስቀድሞ ያረጋግጥ። ገዢም ዓሣው ቢሰለቸው ወደ ወንዝ እንዳይጥለው ይነገረው፤ አበባው ስለሚያምር ከደቡብ አሜሪካ ወደ ብዙ አገር የተወሰደው እምቦጭ በጣና ላይ ያደረሰውን ጉዳት እናውቃለንና።

እንግዲህ አስተዋይ ባለሱቅ ዓሣውን ብቻውን አይሸጥም፤ ገንዳውን፣ ማሞቂያውንና ምክሩን አብሮ ይሸጣል። በደኅና የተያዘ ቤታ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ሊኖር ይችላል፤ በዚህም ጊዜ ሁሉ ገዢው ለመኖ ወደዚያው ሱቅ ይመላለሳል። ዓሣው በሳምንቱ የሞተበት ገዢ ግን ለሌላው ሸቀጥም ቢሆን ፊቱን ወደ ጎረቤት ሱቅ ያዞራል።