ሞተሩ አላረጀም
የመስኖ ፓምፓችን የቤንዚን ሞተር ድምፁ ከፍ ዝቅ እያለ አስቸገረን። ውኃው እየተቆራረጠ የሽንኩርቱ መደብ መድረቅ ጀመረ። ብዙዎቻችን፣ «አርጅቷል፤ ይለወጥ» አልን።

አስቀድመን ግን ቾኩን በጥቂቱ ዘጋነው፤ ሞተሩ ወዲያው ተረጋጋ። ይህም ቤንዚን እንዳነሰው ወይም ትርፍ አየር እንደሚስብ ያመለክታል። ሞተሩ ከበረደ በኋላ፣ እሳት በሌለበት ቦታ ካርቡራተሩን ስንፈታ፣ ለወራት የቆየ ቤንዚን ዝቃጭ የጂግለሩን ቀዳዳ ደፍኖት አገኘን። በንጹሕ ቤንዚን አጥበን በአየር ነፋነው። በሽቦ አልጎረጎርነውም፤ ቀዳዳው ይሰፋልና።

ወገኖች ሆይ፣ የእናንተም ሞተር እንዲህ ቢያደርግ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። ጥቁር ጭስ ቢያወጣ የአየር ማጣሪያውን ተመልከቱ። ዝናብ ገብቶ ሞተሩ ሥራ ሲፈታም ቤንዚኑን ከታንኩና ከካርቡራተሩ አንጠፍጥፉ። እኛ ለአዲስ ሞተር ያሰብነውን ገንዘብ ለዘር አዋልነው።