ስልክሽ የነገረሽ የስንት ዓመተ ምሕረቱን ነው?

ለዛሬ በማንኛችንም ቤት ሊያጋጥም የሚችል ጉዳይ ይዘን ቀርበናል።

እንበልና አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ከትምህርት ቤት ወጥታ ሜክሲኮ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ታላቅ እህቷን ትጠብቃለች። እህቷ ቫይረሱ በደሟ ውስጥ አለ፤ መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ስለምትወስድ ጤናዋ ደህና ነው። ትዳር ይዛለች፣ ልጅ ለመውለድም አስባለች። ያን ቀን ግን ፊቷ ጠቁሮ መጣች።

«ስሚ እስቲ፣ የምውጠው ዶሉቴግራቪር ፅንስ ይጎዳል አሉ። ኤአዩን ስጠይቀው እሱም ጥናት አለ አለኝ። በቃ፣ ከነገ ጀምሮ አልውጠውም!»

ታናሽየዋ ምን ትበላት? እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሏት ነበር?

ጥናቱ በእርግጥ አለ

ኤአይ ወይም ሰው ሠራሽ አስተውሎት የምንለው መሣሪያ እዚህ ላይ አልዋሸም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 በቦትስዋና የሚካሄድ ጸፓሞ የተባለ ጥናት አስደንጋጭ ውጤት ይዞ ወጣ። ሲፀንሱ ዶሉቴግራቪር ይወስዱ ከነበሩ እናቶች ከተወለዱ 426 ሕፃናት መካከል 4ቱ የአንጎል ወይም የኅብለ ሰረሰር አፈጣጠር ችግር ተገኘባቸው። ሌላ ዓይነት ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ከወሰዱ እናቶች በተወለዱት ግን ችግሩ የታየው ከ1,000 ሕፃናት በ1 ገደማ ብቻ ነበር። ወሬው ዓለምን አዳረሰ። ብዙ አገሮችም ለመውለድ ለሚያስቡ ሴቶች መድኃኒቱን ከመስጠት ተቆጠቡ።

ታሪኩ ግን እዚያ አላበቃም። ተመራማሪዎቹ መቁጠራቸውን ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ ባደረጉት ቆጠራ ሕፃናቱ 9,460 ደርሰው ነበር፤ ችግሩ የታየባቸው ደግሞ 10 ብቻ። ልብ በሉ! ከመጀመሪያዎቹ 426 ውስጥ 4፣ ከዚያ ወዲህ በተወለዱት 9,000 በላይ ውስጥ ግን 6 ብቻ ማለት ነው። በመቶኛ ሲሰላ 0.11 ሲሆን፣ ሌላ መድኃኒት ከወሰዱት እናቶች ልጆች ጋር የሚለይ አልሆነም። የዓለም ጤና ድርጅትም ማስረጃው እየጠራ ሲመጣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2019 ዶሉቴግራቪር ለመውለድ የሚያስቡ ሴቶችን ጨምሮ ለሁሉም ተመራጭ መድኃኒት እንዲሆን መክሯል።

አያችሁ? እህትየዋ ያገኘችው መልስ የ2018ቱ ነበር። ስለ መጀመሪያው ድንጋጤ ብዙ ስለተጻፈ ፈላጊ መሣሪያው ቶሎ የሚያገኘው እሱን ሊሆን ይችላል።

ታዲያ መጠየቅ ጥፋት ነው?

ኧረ በጭራሽ! በሀገራችን ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት በተጀመረበት በ1997 ዓ.ም. ብዙ ሰዎች ስታቩዲን የሚባል መድኃኒት ይወስዱ ነበር። ሕይወት አትርፏል። ነገር ግን የአንዳንዶች ጉንጭ ሟሟ፣ እግራቸውን እንደ መርፌ እየወጋ አቃጠላቸው። «መድኃኒቱ ነው» ሲሉ እውነታቸውን ነበር። በብዙ አገር ተጠንቶ ስለተረጋገጠ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ስታቩዲን ቀስ በቀስ እንዲቀር መክሯል። ስለዚህ የጎንዮሽ ጉዳትን መጠየቅ መብትም ብልህነትም ነው። ቁም ነገሩ አጠያየቁ ላይ ነው።

እንዴት እንፈልግ?

በቤታችሁ «ይህ መድኃኒት ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው ካለና እናንተም በስልክ መፈለግ የምትችሉ ከሆነ፣ እነዚህን አምስት ነገሮች ያዙ።

1. ጥናቱን ራሱን ፈልጉ። ኤአይ አንዳንዴ ያልተጻፈ ጥናት ርዕስና ደራሲ ፈጥሮ ይሰጣል። ርዕሱን ወስዳችሁ ፐብሜድ ላይ አስገቡት። ፐብሜድ ከ35 ሚሊዮን በላይ የሕክምና ጽሑፎች የተመዘገቡበት፣ ማንም በነፃ የሚፈልግበት መዝገብ ነው። እዚያ ካልተገኘ ተጠራጠሩ።

2. ዓመተ ምሕረቱን እዩ። «ከዚህ በኋላ ምን ተገኘ?» ብላችሁ ደግማችሁ ጠይቁ። እህትየዋ ይህችን አንዲት ጥያቄ ብትጨምር ኖሮ ድንጋጤው ባልመጣ።

3. ቁጥሩን እዩ። ስንት ሰው ተጠና? ከማን ጋር ተነጻጸረ? መድኃኒት የወሰደ ሰው ራሱን ስላመመው ብቻ መድኃኒቱ ነው ማለት አይቻልም፤ ያልወሰደውንም ያመዋልና።

4. «ኢትዮጵያ» የሚለውን ቃል ጨምሩ። የሰው ሰውነት መድኃኒትን የሚያስተናግድበት መንገድ ይለያያል። ለምሳሌ ዶክተር ጌትነት ይመር፣ ፕሮፌሰር እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው ቲቢና ኤች አይ ቪ አብረው የያዟቸውን 353 የአዲስ አበባ ታካሚዎች ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ በመድኃኒት ሳቢያ የሚመጣ የጉበት ጉዳት ከዘር ውርስ ልዩነትና ኤፋቪሬንዝ የተባለው መድኃኒት በደም ውስጥ ካለው መጠን ጋር እንደሚያያዝ አሳይተዋል። በሌላ አገር ሰው ላይ ብቻ የተሠራ ጥናት ይህንን ሊነግረን አይችልም።

5. የሰውን ምስጢር አትጻፉ። የእህትን፣ የጓደኛን ስም ወይም የካርድ ቁጥር ስልክ ላይ አታስገቡ። የመድኃኒቱ ስም ብቻውን ይበቃል።

ከሁሉም በላይ ግን ፈላጊው መሣሪያ የሚያውቀው ጽሑፍን እንጂ እህታችሁን አይደለም። የደም ምርመራዋን አላየም፣ ሌላ ምን መድኃኒት እንደምትወስድ አያውቅም። መድኃኒት በራስ ውሳኔ ሲቋረጥ ቫይረሱ እንደገና ይራባል፣ መድኃኒቱንም ሊለምድ ይችላል። እናት ስታረግዝ ካቆመች ደግሞ ቫይረሱ ወደ ልጇ የመተላለፉ ዕድል ይጨምራል። ለልጅ ብላ ያቆመችው መድኃኒት ልጇን የሚጠብቀው ራሱ ነበር ማለት ነው።

ታናሽየዋ ምን አለች?

«እህቴ፣ አንቺ ያነበብሽው የ2018ቱን ነው። የኋለኛውንም አብረን እንየውና ነገ ጠዋት ክሊኒክ አብሬሽ ልሂድ። የዛሬውን ግን ዋጪው።»

ክሊኒክ ስትሄዱ ያገኛችሁትን ጽሑፍ ለፋርማሲ ባለሙያው ወይም ለሐኪሙ አሳዩ፤ የማያፍሩበት ጥያቄ ነው። እንቅልፍ ማጣት፣ ራስ ምታት፣ የክብደት መጨመር ዶሉቴግራቪር በሚወስዱ ሰዎች ላይ ይታያል፤ እነዚህም ይነገሩ። የጎንዮሽ ጉዳት ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነፃ የስልክ መስመር 8482 ማሳወቅም ይቻላል።

ወጣቶች፣ ኤአዩ ከሚያነባቸው ጥናቶች አንዳንዶቹ የተጀመሩት አንድ ሰው «እንዲህ ሆንኩ» ብሎ ለባለሙያ ሲናገር ነው። ዝም ያለ ሰው ሕመም በየትኛውም መዝገብ ተፈልጎ አይገኝም። እንግዲህ ፈልጉ፣ ጠይቁ፣ ተናገሩ። መድኃኒቱን ግን ሳትመካከሩ አታቋርጡ፣ አታስቋርጡም!