ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር፦ 320 ወይስ 565 ኪሎ ሜትር?

አዲስ አበባና ባሕር ዳር በአየር መስመር 320 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። በደብረ ማርቆስና በእንጅባራ በኩል የሚወስደው አስፋልት ግን 565 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው። የመጀመሪያው ከከተሞቹ ኬክሮስና ኬንትሮስ ተሰልቶ የተገኘ፣ በምድር ገጽ ላይ ሊሰመር የሚችለው አጭሩ መስመር ነው፤ ሁለተኛው ግን ጎማ የረገጠውን መሬት በሙሉ ይቆጥራል። ልዩነቱን የፈጠረው የአገሩ አቀማመጥ ነው።

ይህን መንገድ የሚያውቅ ሁሉ ቀድሞ የሚያነሣው የዓባይን በረሃ ነው። ጎሃ ጽዮንና ደጀን በቀጥታ ቢለኩ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁ ነው። መኪና ግን ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል በጥምዝ እየዞረ ወንዙ ድረስ ይወርዳል፤ በጃፓን ድጋፍ ተሠርቶ በፈረንጆቹ 2008 የተከፈተውን 303 ሜትር የሚረዝም የሕዳሴ ድልድይ ይሻገራል፤ ከዚያም የወረደውን ያህል መልሶ ይወጣል። በዚህ ምክንያት መንገዱ እጥፍ ገደማ ይሆናል። ከባድ መኪኖች በዝቅተኛ ማርሽ ስለሚጓዙ ደግሞ ከርቀቱ ይልቅ ጊዜው ይጎዳል።

ይሁንና ለትርፉ ኪሎ ሜትር ዋናው ምክንያት በረሃው አይደለም። እስከ ደጀን ድረስ መንገዱ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የአየር መስመሩ 140 ያህል ነው። ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ግን 180 የማይሞላው ቀጥታ ርቀት በመንገድ ወደ 335 ከፍ ይላል። ብዙ መንገደኛ የማያስተውለው ምክንያት ጮቄ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ይህ ተራራ አጭሩ መስመር የሚያልፍበት ቦታ ላይ ተቀምጧል። ዋናው አስፋልት በምዕራብ በኩል ይዞረዋል። በምሥራቅ በኩል በብቸናና በሞጣ የሚሄደው ሌላው መንገድ አጠር ብሎ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ጮቄን መዞሩ ግን አይቀርለትም።

መሬቱ በማያስቸግርበት አቅጣጫ ልዩነቱ ይጠብባል። አዳማ በአየር 80 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በአሮጌው መንገድ 100 ገደማ ነው። ላሊበላ በአንጻሩ ከአዲስ አበባ ያለው የአየር ርቀት ከባሕር ዳሩ ብዙም ሳይበልጥ በደሴ በኩል ያለው መንገድ ከ600 ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

አውሮፕላንም ቢሆን በአጭሩ መስመር ላይ ብቻ አይበርም። በነፋስ አቅጣጫ ምክንያት ከመድረሻው ተቃራኒ ወገን ሊነሣ ይችላል፤ በተመደበለት የአየር መንገድ ይጓዛል፤ ለማረፍ ሲቃረብ ዞሮ ከማኮብኮቢያው ጋር ይስተካከላል። ስለዚህ የሚበረው ከ320 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል።

በረራው አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ቦሌ ለመድረስ፣ ለፍተሻና ሻንጣ ለመረከብ የሚጠፋው ጊዜ ሲታከልበት ግን ግማሽ ቀን ሊሆን ይችላል። አውቶቡስ ንጋት ላይ ተነሥቶ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ከሰዓት በኋላ ወይም ምሽት ላይ ነው። ነዳጁን የሚያሰላ ሾፌርም ሆነ ዕቃ የሚልክ ነጋዴ የሚያስፈልገው 565 ነው፤ 320ው በጉዞ ዕቅድ ውስጥ የሚያገለግለው ለበረራ ብቻ ነው።