ቪዛ የተከለከለ ሰው ምን ያድርግ?

ቪዛ ማለት አንድ መንግሥት የሌላ አገር ሰው ወደ ግዛቱ እንዲገባ የሚሰጠው ፈቃድ ነው። ብዙ ዓይነት አለው። ለሥራ፣ ለትምህርት፣ ለኑሮ የሚሰጥ አለ። እዚህ የምናየው ዘመድ ለመጠየቅ የሚሰጠውን ነው፤ ከዚያም ውስጥ አንድ ጊዜ ተከልክሎ እንደገና የሚጠየቀውን።

ዛሬ ልጁ ውጭ አገር ያለበት ወላጅ በከተማ ብቻ አይገኝም። በጣና ሐይቅ ምዕራባዊ ዳር ያለችውን ደልጊን እንውሰድ። አንዲት የደልጊ እናት ልጇ አሜሪካ ናት እንበል። ልጅቱ ልትወልድ ነው። እናት ሄዳ ልታርሳት፣ ገንፎ ልታገነፋላት፣ የልጅ ልጇን ልታቅፍ ትፈልጋለች። በጀልባም ሆነ በመኪና ብላ ባሕር ዳር ትደርሳለች፤ ከዚያ አዲስ አበባ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ ስለነበረ መድረሱ ራሱ ቀላል አልነበረም። ከኤምባሲው መስኮት ፊት ቆማ ሦስት አራት ጥያቄ ትጠየቃለች። ወረቀት ይሰጣታል። አበቃ። «ምን አጠፋሁ?» እያለች ትመለሳለች።

ያጠፋችው ነገር የለም። የአሜሪካ የኢሚግሬሽንና የዜግነት ሕግ እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣ ሲሆን፣ 214 ቢ የሚባለው ክፍሉ የጎብኚ ቪዛ የሚጠይቀውን ሰው ሊቀር ነው ብሎ ይነሣል። በፍርድ ቤት ሰው ጥፋቱ እስኪረጋገጥበት ድረስ ንጹሕ ነው። እዚህ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። እንደሚመለስ የማሳየት ሸክም የጠያቂው ነው። ስለዚህ ያ ወረቀት «ውሸታም ነሽ» አይልም። «እንደምትመለሺ አላሳየሽኝም» ነው የሚለው። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠሩ እናቶችም ቢሆኑ ለሚያውቅ ሰው ሰጥተው ቃል በቃል ያስነብቡት። የተጻፈው 221 ጂ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ ገና የሚቀርብ ማስረጃ ወይም የሚጣራ ጉዳይ አለ ማለት ነው።

በ214 ቢ ለተከለከለ ሰው ይግባኝ የለም። ግን እንደገና ማመልከት ይቻላል። ይህን ያህል ጊዜ ጠብቅ የሚል ሕግም የለም። ገንዘቡ ግን አይመለስም። ክፍያው እ.ኤ.አ. በ2023 ከ160 ወደ 185 ዶላር ከፍ ብሏል፤ በየጊዜው ስለሚለወጥ የዕለቱን መጠየቅ ነው። እንግዲህ ምንም ሳይለወጥ በወሩ ተመልሶ መሄድ ያንን ሁሉ ብር ወንዝ ውስጥ እንደ መጣል ነው።

ታዲያ ምን ይለወጥ? ይህን ስሙ፦

«ለምን ይሄዳሉ?»

«ልጄን ላርስ።»

«ስንት ጊዜ ይቆያሉ?»

«ኧረ እሷ እስከ ፈቀደች ድረስ!»

ይህ የእናት መልስ ነው። በእኛ ጆሮ ፍቅር ነው፤ በሹሙ ጆሮ ግን «አልመለስም» ማለት ነው። እዚያው ላይ «ከጥምቀት በኋላ ሄጄ ክረምት ሳይገባ እመለሳለሁ፤ የእርሻ መሬት አለኝ፤ ባለቤቴና ሁለቱ ልጆቼ እዚህ ናቸው» ብትል ኖሮ ሹሙ የሚመዝነው ነገር ያገኝ ነበር። ይህን አጥኑና ድገሙት ማለት አይደለም። እያንዳንዱ ሰው የራሱ መመለሻ ምክንያት አለው፤ እሱን በአጭሩና በእውነት መናገር ነው።

ማስረጃውስ? ብዙ ሰው ከልጁ የመጣውን የግብዣ ደብዳቤ ትልቅ ነገር አድርጎ ይይዛል። ለአሜሪካ የጎብኚ ቪዛ ግን የግብዣ ደብዳቤ ግዴታ አይደለም፤ የሚታየው የጠያቂዋ የራሷ ኑሮ ነው። የገበሬ ሀብት በባንክ አይታይም፤ ከብት ነው፣ ጎተራ ነው። ቢሆንም ወረቀት ያለው ነገር አለ። በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ይገኛል። በዚህ ደብተር እናትየዋ «የእኔ መሬት» ስትል ማስረጃ አላት። አስተርጉማ መያዝ ነው። በፀደይ ባንክ፣ በድሮው አብቁተ ማለት ነው፣ ቀስ በቀስ የተጠራቀመ ቁጠባ ካላትም መልካም። ልጅቱ በአንድ ሳምንት የላከችው ብዙ ብር ግን ጥርጣሬ ነው የሚያመጣው።

ደላላ «የንግድ ፈቃድ ላሠራልሽ» ሲል እሺ ማለት የባሰ ነው። በአሜሪካ ሕግ ሆን ብሎ የሐሰት ማስረጃ ያቀረበ ሰው ለዕድሜ ልክ ሊታገድ ይችላል። የፊተኛውን ክልከላ መደበቅም እንደዚሁ ነው። ቅጹ «ከዚህ በፊት ተከልክለው ያውቃሉ?» ብሎ ይጠይቃል። መዝገቡ እነሱ ዘንድ አለና መልሱ «አዎ» ነው።

የእኛ አገር ሰው ሳያስበው የሚሰናከልበት ሌላም ነገር አለ፤ ስምና ዘመን። ፈረንጅ የቤተሰብ ስም አለው። እኛ ግን ልጅቱን በአባቷ፣ እናቷን በእናቷ አባት ስም እንጠራለን። ሁለቱ ስሞች አይገናኙም፤ ይህ የአገሩ ልማድ መሆኑን ማስረዳት ይገባል። ዘመኑም እንዲሁ ነው። መስከረም 1 ቀን 1950 ዓ.ም. የተወለደች ሴት በፈረንጅ ቆጠራ ሴፕቴምበር 11 ቀን 1957 ነው የተወለደችው። በመጀመሪያው ቅጽ አንዱን፣ በሁለተኛው ሌላውን ከጻፈች ሁለት ሰው ትመስላለች። የልደት ምዝገባ በአገሪቱ በሙሉ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ አብዛኛው አዛውንት የቆየ የልደት ወረቀት የለውም። ስለዚህ ቅጹ፣ ፓስፖርቱና የቀበሌው ወረቀት አንድ ዓይነት መናገር አለባቸው።

ሌሎች አገሮች አሠራራቸው ይለያል። ካናዳ የሚኖር ልጅ የአገሩ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ ከሆነ፣ በእናቱ ፈቃድ ሹሙ የጻፈውን ማስታወሻ በሕግ መጠየቅ ይችላል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የተከለከለችበትን ነጥብ ያሳያል። ካናዳ ለወላጆችና ለአያቶች የሚሰጠው ልዩ ቪዛም አለ፤ በእሱ በአንድ ጊዜ እስከ 5 ዓመት መቆየት ይቻላል። የልጁ ገቢና የሕክምና መድን ይጠየቃል። የሸንገን አገሮች ደግሞ የክልከላውን ምክንያት በቅጽ ላይ ምልክት አድርገው ይሰጣሉ፤ ይግባኝም አለ። ነገር ግን የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 በኢትዮጵያውያን ላይ አጠበቀ፤ መደበኛው የውሳኔ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ሆነ። ምክንያቱ መንግሥት ከመንግሥት ጋር ስለ ተመላሾች አለመስማማቱ ነው። ገንፎ ልታገነፋ የምትሄድ እናት በዚህ ውስጥ ምን አላት? ግን ይነካታል።

እናትየዋ እዚያው መኖር ከፈለገች የጎብኚ ቪዛ መንገዷ አይደለም። 21 ዓመት የሞላትና የአሜሪካ ዜጋ የሆነች ልጅ ለእናቷ የኗሪነት ማመልከቻ ማስገባት ትችላለች። ያ ከገባ በኋላ ግን የጎብኚ ቪዛ ማግኘት ይበልጥ ይከብዳል፤ ቅጹም ይህን ይጠይቃል። ስለዚህ እናትና ልጅ አስቀድመው ይማከሩ።

ሁለተኛውም ክልከላ ከሆነ ሕፃኑ እናቲቱ ዘንድ መምጣት ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ዜግነቷን የለወጠች ልጅ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ሰው ቢጫ ካርድ የሚለውን፣ ካወጣች ያለ ቪዛ ትገባለች። የደልጊ መንገድ የሚያሰጋ ሲሆን ደግሞ ኢትዮጵያዊ ቪዛ የማይጠየቅበት ጎረቤት አገር አለ፤ ኬንያ። ፓስፖርት ያላት እናት ናይሮቢ ላይ ልጇንና የልጅ ልጇን ማግኘት ትችላለች። በሶና ሽሮውን ይዛ መሄዷ ግን አይቀርም።