ሊዝ ከመፈረማችሁ በፊት ማዘጋጃ ቤት ጠይቁ

ስለ ዋሽንግተንና ስለ አዲስ አበባ ፖለቲካ ስንከራከር እናመሻለን። ምግብ ቤት የት መክፈት እንደምንችል የሚወስነው ግን የከተማችን ማዘጋጃ ቤት ነው። ኒውአርክን ተመልከቱ፤ ዙሪያዋን በፍሪሞንት የተከበበች ብትሆንም ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ራሷን የቻለች ከተማ ናት። ስለዚህ ፍሪሞንት የሚፈቀደው እዚህ ላይፈቀድ ይችላል።

የዞኒንግ ሕግ አንዳንዱን ንግድ በቀጥታ ይፈቅዳል። ሌላው ደግሞ «ኮንዲሽናል ዩዝ ፐርሚት» የሚባል ልዩ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ይህ የሕዝብ ስብሰባ አለው። በካሊፎርኒያ ሕግ ከስብሰባው ቢያንስ 10 ቀን በፊት በ300 ጫማ ውስጥ ላሉ የንብረት ባለቤቶች ማስታወቂያ ይላካል። ልብ በሉ፣ ለባለቤቶች ነው፤ ተከራይ በፖስታ ሳጥኑ ላያገኘው ይችላል። አብዛኛው ነጋዴያችን ደግሞ ተከራይ ነው። ስብሰባው ግን ለሁሉም ክፍት ነው፤ ማንም ገብቶ መናገር ይችላል።

ገንዘብ የሚበላው መጠበቁ ነው። ፈቃዱ ሳይመጣ ኪራዩ ይቆጥራል። ስለዚህ «ፈቃድ ካልተገኘ ውሉ ይፈርሳል» የሚል አንቀጽ አስገቡ። ቦታው ላይ ቀድሞ ምን ሥራ እንደነበረም ጠይቁ፤ እንዲህ ያለው ፈቃድ የሚሰጠው ለሰውዬው ሳይሆን ለመሬቱ ስለሆነ፣ ካልተቋረጠ ሊጠቅማችሁ ይችላል። የአከራዩን ቃል ብቻ አትመኑ፤ መልሱን ከከተማው ፕላኒንግ ቢሮ በጽሑፍ ተቀበሉ።