የአንድ ልኬት ልዩነት መቼ ይታመናል?

የጅቡቲ ከተማ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የላትም። ለብዙ ዘመን የኖረችው በከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ደግሞ ከኢትዮጵያ በቧንቧ የሚሄድ ውሃ ታክሎላታል። በባሕር ዳር ያለ ጉድጓድ ከልክ በላይ ሲቀዳ የባሕር ውሃ ሰርጎ ስለሚገባበት የክሎራይዱ መጠን ይጨምራል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ክሎራይድ በሊትር ከ250 ሚሊግራም ገደማ ሲያልፍ ጣዕሙ ሊታወቅ ይችላል።

እንግዲህ ለምሳሌ ያህል ራስ ዲካ ከሚገኝ ቧንቧ ውሃ ቀዳን እንበል። ፖታሲየም ክሮሜት ጠብ አድርገን፣ ቢጫው ቀለም ወደ ቀይ ቡናማ መለወጥ እስኪጀምር ድረስ ከቢዩሬት ሲልቨር ናይትሬት እንጨምራለን። አምስት ጊዜ ለክተን 254፣ 258፣ 251፣ 256 እና 256 አገኘን። አማካዩ 255 ነው። ታዲያ ውሃው ከ250 አልፏል ለማለት እንችላለን?

በመጀመሪያ «እውነተኛው መጠን ከ250 አይበልጥም» የሚል መላ ምት እናቆማለን። ቀጥሎም የአማካዩንና የ250ን ልዩነት፣ ማለትም 5ን፣ ለአማካዩ መደበኛ ስሕተት እናካፍላለን። የልኬቶቹ መደበኛ ልይይት 2.65 ነው፤ ይህ ለ5 ዳግም ዘር ሲካፈል 1.18 ይሆናል። 5 ለ1.18 ሲካፈል 4.2 ገደማ ነው። ይህም ቁጥር «ቲ» ይባላል። ለአምስት ልኬቶች በሰንጠረዡ የተመለከተው ወሰን፣ የመሳሳት ዕድሉ ከመቶ 5 እንዲሆን ስንፈቅድ፣ 2.13 ነው። 4.2 ከዚህ ስለሚበልጥ መላ ምቱን እንጥላለን።

አሁን ደግሞ ልኬቶቹ 243፣ 268፣ 251፣ 262 እና 251 ቢሆኑስ? አማካዩ ያው 255 ነው። ነገር ግን መበታተናቸው ሰፊ በመሆኑ «ቲ» 1.1 ብቻ ይሆናል፤ መላ ምቱን ለመጣል አያስችለንም። ይህ ማለት ግን ውሃው ከ250 በታች መሆኑ ተረጋገጠ ማለት አይደለም፤ ማስረጃው አልበቃም ማለት ብቻ ነው።

ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1908 ያሳተመው በደብሊን የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ዊልያም ጎሴት ነው፤ የብዕር ስሙም «ተማሪ» የሚል ነበር።

ልናስተውለው የሚገባን ሌላም ነገር አለ። የሲልቨር ናይትሬቱ ጥንካሬ በስሕተት ተመዝግቦ ከሆነ አምስቱም ልኬቶች በአንድነት ያዘነብላሉ፤ «ቲ»ም ይህን አይነግረንም። ስለሆነም መጠኑ አስቀድሞ በታወቀ የጨው ሙሙት መሣሪያችንን እንፈትን። ሰዎች የሚጠጡትን ውሃ «ደኅና ነው» ወይም «አይደለም» ከማለታችን በፊት ይህን ያህል መድከም ይገባናል።